የኤሌክትሪክ ምጣድ ደኅንነት፦ ከንድፉ ይጀምር ወይስ ከተሠራ በኋላ ይታከል?

3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ ቀጭን ገመድ ይግላል፤ ሽፋኑ ተልጦ ሽቦው ላሜራውን ከነካ ደግሞ በሊጥ የራሰ እጅ ሳያስበው በኤሌክትሪክ ይያዛል።

ከንድፉ ሲጀመር፦ የገመዱ ውፍረት፣ ከላሜራው ጋር የሚታሰረው ኧርዝ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) እና ከሙቀቱ የሚርቀው የገመድ መግቢያ አስቀድመው ስለሚወሰኑ የመነሻው ወጪ ይጨምራል፤ ሆኖም ደኅንነቱ በጋጋሪዋ ጥንቃቄ ላይ ብቻ አይንጠለጠልም።

ከተሠራ በኋላ ሲታከል፦ ርካሽና ፈጣን ነው። በእንፋሎት የሚላቀቅ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ግን፣ በእኔ እይታ፣ ጥበቃ ሊባል አይችልም።

አዲስ ምርት ለሚጀምር ወርክሾፕ የመጀመሪያው ይሻላል፤ አስቀድመው ለተሸጡት ምጣዶች ያለው አማራጭ ገመዱን መቀየርና ኧርዝ መጨመር ነው። የቤቱ ሶኬት ራሱ ኧርዝ ከሌለው ግን ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው።