ድዋርፍ ፎርትረስ፦ ባሮን ከመሾማችሁ በፊት አንብቡ

ስለዚህ የኮምፒውተር ጨዋታ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያነሳው ጭራቆቹንና የጎብሊን ወረራውን ነው። እኔ የማወራው ስለ መኳንንቱ፣ ማለትም ስለ ከንቲባው፣ ስለ ባሮኑና ስለ ንጉሡ ነው። ጨዋታውን የምወደው በእነሱ ነው፤ ተናድጄ ላፕቶፑን ዘግቼ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ማኪያቶ ፍለጋ የምሄደውም በእነሱው ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ሰባት ድንክዬዎች ይሰጧችኋል፣ ተራራ ትቦረቡራላችሁ፣ ታርሳላችሁ፣ መጠጥ ትጠምቃላችሁ (መጠጥ ካለቀ ሥራው ይንቀራፈፋል)፣ ቀስ በቀስ ምሽጉ ከተማ ይሆናል። ታርን እና ዛክ አዳምስ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው የሠሩት። በ2006 እ.ኤ.አ. በነፃ ለቀቁት፤ ደህና ሥዕል ያለው እትም ደግሞ በ2022 መጨረሻ ስቲም በሚባለው የጨዋታ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ በ30 ዶላር ገደማ ወጣ።

አሁን ወደ ሹሞቹ። መጀመሪያ ላይ የምትሾሟቸው ምንም አይሏችሁም። መዝገብ ያዡ ንብረት ይቆጥራል፣ ደላላው ከነጋዴ ጋር ይደራደራል፣ ሥራ አስኪያጁ የሥራ ትእዛዝ ያጸድቃል። ወንበርና ጠረጴዛ ያላት ቢሮ ካገኙ በቃ። ጣጣው የሚጀምረው ሕዝቡ 50 ሲሞላ ነው። ድንክዬዎቹ ራሳቸው ከንቲባ ይመርጣሉ፣ ከንቲባው ደግሞ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ደህና ቢሮ፣ ደህና መኝታ፣ ደህና መመገቢያ ክፍል አምጡ ይላል፣ ከዚያ አዋጅ ይከተላል። አንዱ አዋጅ «ይህን ያህል ዘውድ ሥሩ» ነው። ሌላው «ቀለበት ወደ ውጭ እንዳይሸጥ» ነው፣ እናንተ ደግሞ እህሉንም ብረቱንም የምትገዙት ቀለበት ሸጣችሁ ነው።

አዋጁ ካልተፈጸመ የሚቀጣው ሠራተኛው ነው። ይታሰራል፣ ይደበደባል፣ መዶሻ የያዘ ቀጪ ካላችሁ ደግሞ ሊሞትም ይችላል። አዋጁን ያወጣው ሰውዬ እራቱን ይበላል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ያሉት አባቶች ይህን ጨዋታ ቢያዩ ምን እንደሚሉ እንጃ።

ግን እዚህ ጋ ነው ጨዋታው ብልጥ የሆነው፤ አዋጁ ዝም ብሎ ከሰማይ አይወርድም። እያንዳንዱ ድንክዬ የሚወደው ዕቃና ማዕድን አለው፣ ባሕርይው ላይ ተጽፏል፣ ሲሾም የሚያዘውም ያንኑ ነው። ስለዚህ ምሽጋችሁ አድጎ ከዋናው ከተማ የመጣው መልእክተኛ «ባሮን እንሹምላችሁ» ሲል፣ ማን እንደሚሾም የምትመርጡት እናንተ ናችሁና፣ ተቻኩላችሁ ጀግናውን ወታደር አትሹሙ! ገጹን ክፈቱና አንብቡ። እንጨትና በርሜል የሚወደውን ሹሙት። ወርቅና ብርቅዬ ድንጋይ የሚያምረው ሰነፍ ገበሬ ሆኖ ይቅር።

ክፍሉን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። ግድግዳውን ማለስለስና መቅረጽ ብቻውን ዋጋውን በደንብ ከፍ ያደርጋል። ለአንዱ መኝታ የሰጣችሁትን ቦታ ለሌላው ቢሮ ብላችሁ አታደራርቡ፣ የሁለቱም ዋጋ ይወርዳል። ንጉሡ ራሱ ሲመጣ ግን መቃብሩ ሳይቀር ቤተ መንግሥት የሚያክል ይፈልጋል፤ ገና በቁሙ!

የድሮ ተጫዋቾች ሌላ መፍትሔ አላቸው። ሹሙን ክፍሉ ውስጥ ቆልፎ፣ ማንሻ ስቦ፣ የቀለጠ ድንጋይ መልቀቅ። ያስቃል፣ አልዋሽም። ነገር ግን ወዳጅ ዘመዱ ያዝናል፣ ያዘነ ድንክዬ ሲበዛ ምሽጉ ይበጠበጣል፣ ከንቲባ ከሆነም ሌላ ይመረጣል፣ እሱም ዘውድ ሊያምረው ይችላል። የሕዝቡን ቁጥር ከ50 በታች ገድበው ከንቲባ የሚባል ነገር የማያዩም አሉ። ለእኔ ይሄ በርበሬ የሌለው ወጥ ነው።

የማልወደው፦ አዲስ አዋጅ ሲወጣ በቀላሉ ያመልጣል፣ ስለዚህ ዕቃ ወደ ንግድ ቦታው ከማጓጓዛችሁ በፊት የሹማምንቱን ዝርዝር እዩ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ ይበዛል። ሕዝቡ ሲበዛ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይንፏቀቃል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ በየወቅቱ ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት።

ይግዙት ወይ? የዶላር ካርድ ያለው ሰው ካላችሁ የስቲሙ ለዓይን በጣም ይቀላል። ከሌላችሁ ዘመድ አታስቸግሩ፣ ነፃው ዛሬም ከሠሪዎቹ ድረ ገጽ ይወርዳል። በሥዕል ፋንታ ፊደልና ምልክት ነው፤ ከንቲባው ግን እዚያም ያው ከንቲባ ነው።