ዲኦኤጄ፦ ጽሑፍ ከመላኬ በፊት የምከፍተው ማውጫ

ዳይሬክተሪ ኦፍ ኦፕን አክሰስ ጆርናልስ፣ ባጭሩ ዲኦኤጄ፣ መስፈርቱን ያሟሉና ማንም ሰው በነፃ የሚያነባቸው የምርምር ጆርናሎች ማውጫ ነው። በፈረንጆች 2003 ስዊድን ውስጥ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ በ300 ጆርናሎች ጀመረው። ዛሬ ከ20 ሺህ በላይ ሆነዋል። መጠቀሚያ ክፍያ የለውም። ቀድሜ ባውቀው ኖሮ እያልኩ አሁንም የሚቆጨኝ ነገር አለ።

የማኅበረሰብ ጤና መምህርት ነኝ። የዛሬ 4 ዓመት እናቶች ጤና ጣቢያ ሄደው የማይወልዱበትን ምክንያት ለማወቅ 422 እናቶችን አነጋገርን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይዘውን ዞሩ። አንዷ እናት ሊጥ እያቦካች፣ እጇን ሳትታጠብ ነበር የመለሰችልን። ፈቃዳቸውን ስንጠይቅ ያነበብንላቸው ወረቀት ላይ ውጤቱ ለእናቶች አገልግሎት መሻሻል እንደሚውል ተጽፏል። ያንን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

ጽሑፉን የላክሁት በኢሜይል ለጋበዘኝ ጆርናል ነው። ለማዕረግ እድገት ቸኩዬ ነበር። በ4 ቀን ውስጥ ተቀባይነት አገኘ ተባልኩ። ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት የሚመረምሩት የገምጋሚዎቹ አስተያየት ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ጥናቱ ጥሩ ነው፣ ሰዋስው ይስተካከል ይላል። ለማሳተሚያ 180 ዶላር ጠየቁ። ከዚህ ዶላር መላክ መከራ ስለሆነ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልኝ።

ከታተመ በኋላ ሠንጠረዥ 3ን ረጋ ብዬ አየሁት። የአንዱ ጥያቄ መልሶች መቶኛ ሲደመር 108 ይመጣል። ስህተቱ የኔ ነው። ግን ገምጋሚ ተብዬው ሠንጠረዡን አይቶት ቢሆን ኖሮ እንዴት ያልፈዋል? እርማት ላክሁ፤ መልስ የለም። ጽሑፉን አንሱልኝ ብላቸው ለማንሳትም ክፈይ አሉኝ። አንድን ጥናት ሁለት ቦታ ማሳተም ነውር ስለሆነ ሌላ ጋ ልልከው አልቻልኩም። የ422 እናቶች ቃል እዚያው ቀረ።

አሁን ወደ ማውጫው ልመለስ። የጆርናሉን ስም ወይም አይኤስኤስኤን የሚባለውን ባለ 8 አኃዝ መለያ ቁጥሩን ማስገባት ነው። ማን እንደሚያሳትመው፣ ከየት አገር እንደሆነ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ለማይችል ሰው ክፍያ ይቀንስ እንደሆነ፣ ገምጋሚና ጸሐፊ ይተዋወቁ እንደሆነ፣ ከመላክ እስከ መታተም በአማካይ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ክፍያ የማይጠይቁትን ብቻ ለይቶ ማየትም ይቻላል። አብዛኞቹ አይጠይቁም። ይህን ሳውቅ ያ 180 ዶላር እንደ አዲስ አንገበገበኝ።

ማውጫው ራሱ ሁልጊዜ እንዲህ ጥብቅ አልነበረም። በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ ስህተት የሞላበትን የውሸት ጥናት ለ304 ጆርናሎች ላከ። 157ቱ ተቀበሉት። ከተቀበሉት መካከል በዲኦኤጄ የተመዘገቡም ነበሩበት። የማውጫው አዘጋጆች ታዲያ ዝም አላሉም። መስፈርቱን አጥብቀው ሁሉም ጆርናል እንደገና እንዲያመለክት አደረጉ። በ2016 ከ3 ሺህ በላይ ጆርናሎችን በአንድ ጊዜ አወጡ። ዛሬም የገባውንና የወጣውን ከነምክንያቱ ለሕዝብ ይዘረዝራሉ። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው። ስህተቱን በአደባባይ የሚያርም ሰው አምናለሁ።

ሁለተኛውን ጥናቴን የላክሁት እዚያ ላገኘሁት ጆርናል ነው። 21 ሳምንት ይላል፤ በ23ኛው ወጣልኝ። ከኢትዮጵያ ስለሆንሽ ክፍያ የለብሽም አሉኝ። አንዱ ገምጋሚ 14 ጥያቄ አወረደብኝ። የእናቶቹ መረጃ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ቁጥር ስንት እንደሆነ ሁሉ ጠየቀኝ። ሁለት ሌሊት አላስተኛኝም። ግን ሥራዬን ያነበበልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ጉድለትም አለው። ድረ ገጹ አማርኛ የለውም። በክፍያ የሚነበቡ ጆርናሎች አይገቡበትም፤ ስለዚህ ስሙ እዚያ ስላልተገኘ ብቻ ጆርናሉ ሌባ ነው ማለት አይቻልም። የእውነተኛ ጆርናልን ስምና ቁጥር ሰርቀው ሌላ ድረ ገጽ የሚከፍቱም አሉ። ለዚህ ሁልጊዜ ከማውጫው ላይ ባለው ሊንክ ግቡ፣ ኢሜይል ላይ የመጣላችሁን አትንኩ። መዝገቡ ውስጥ መኖርም የዘላለም ዋስትና አይደለም። ሂንዳዊ የተባለው ትልቅ አሳታሚ በ2023 ብቻ ከ8 ሺህ በላይ ጽሑፎችን ሰርዟል፤ ብዙ ጆርናሎቹ ማውጫው ውስጥ ነበሩ። እኔ በበኩሌ ከኤዲቶሪያል ቦርዱ አንድ ሰው መርጬ፣ በእርግጥ አባል ነዎት ወይ ብዬ በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ኢሜይል እጽፋለሁ። ስሜ መኖሩን አላውቅም ያለኝ ሰው ገጥሞኛል።

ባለፈው ወር አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ የግብዣ ኢሜይል ይዛ ቢሮዬ መጣች። «ውድ ፕሮፌሰር» ብሎ ይጀምራል። ዶላሩን እንኳ ከወንድሟ አግኝታ ነበር። ወንበር ሳብኩላትና ኢሜይሉ ላይ ያለውን የጆርናሉን ቁጥር ማውጫው ላይ አብረን አስገባነው። የወጣው የሌላ አገር የግብርና ጆርናል ነው። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ «መምህር፣ እንግዲህ የትኛውን ልክፈት?» አለችኝ። ጽሑፏ አሁን ሌላ ጋ ግምገማ ላይ ነው፤ 3ኛ ሳምንቱን ይዟል።