የጆል ኮኤን «ማክቤዝ»፦ ጠንቋዮቹ «ግደል» አላሉትም

ጆል ኮኤን ከሼክስፒር ተውኔት እ.ኤ.አ. በ2021 የሠራውን «ዘ ትራጀዲ ኦቭ ማክቤዝ» አፕል ቲቪ ላይ አየሁት። ጥቁርና ነጭ ነው፤ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጃል። «ለወር ክፍያው ይበቃል ወይ?» ብትሉኝ፣ ለጠንቋዮቹ ብቻ ብዬ እከፍል ነበር።

ሦስቱንም የምትጫወታቸው ካትሪን ሀንተር ብቻዋን ናት። አሸዋ ላይ ተኮራምታ፣ እጅና እግሯን እያጣመመች ከራሷ ጋር ታወራለች። በኋላ ብቻዋን ቆማ ስትታይ፣ ፊቷ ያለው ውሃ ውስጥ የሁለት ሰው ምስል አለ። አንዲት ሴት፣ ጭጋግና ውሃ፤ ሌላ ነገር አላስፈለገም። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

የስኮትላንዱን የጦር መሪ ማክቤዝን ኮደር የሚባል ግዛት ጌታ፣ ቀጥሎም ንጉሥ ትሆናለህ ይሉታል። ወዲያው መልእክተኛ ይመጣና የኮደርን ሹመት ያበስረዋል። ማክቤዝ ትንቢቱ ዓይኑ እያየ የተፈጸመ ይመስለዋል። እኛ ግን ንጉሥ ዳንከን ሹመቱን አስቀድሞ እንደወሰነ ሰምተናል። ጠንቋዮቹ ደግሞ «ግደል» የሚል ቃል አልወጣቸውም። ንጉሡን መግደል ያሰበው ማክቤዝ ራሱ ነው። ዳንከን ልጁን ማልኮምን አልጋ ወራሽ ሲያደርግ የማክቤዝ ምኞት መንገዱ ተዘጋበት፤ ከዚያ በኋላ ዕቅድ ሆነ።

ዴንዘል ዋሽንግተን ይህን የሚያሳየው ብዙ ሳይጮህ ነው። ፂሙ ሸብቷል፤ የደከመው ወታደር ነው። ፊልሙ ሲወጣ 67 ዓመት ሊሞላው ቀናት ነበር የቀሩት። ወጣት ማክቤዝ ቢሆን «ነገም አለ» ይላል። ይሄኛው ዕድሜውን በሙሉ ለሌላ ሰው ዙፋን ሲዋጋ የኖረ፣ የሚያወርሰው ልጅ የሌለው ሰው ነው። በዚህ ዕድሜ «ንጉሥ ትሆናለህ» ሲሉት የተኛው ምኞት ቢነቃ ምን ይገርማል? ሚስቱን የምትጫወተው ፍራንሲስ ማክዶርማንድም በዕድሜ የገፋች ናት። እሷም ይህ ዕድል ካመለጠ ሌላ እንደማይመጣ የገባት ይመስላል።

ቅር ያለኝ በማክቤዝ የጦር ጓደኛ በባንኮ ነው። ወጣት ሳለሁ በሰፈራችን የቲያትር ክበብ ባንኮን ሆኜ ስለተጫወትኩ አደላለታለሁ። እሱም እዚያው ቆሞ ትንቢት ሰምቷል፤ ዘሮችህ ይነግሣሉ ተብሏል። የጨለማ ኃይሎች በትንሽ እውነት አባብለው ወደ ትልቅ ጥፋት እንደሚያስገቡ ያስጠነቀቀውም እሱ ነው። ሰው ግን አልገደለም። የማክቤዝ ጥፋት ከትንቢቱ ሳይሆን ከገዛ ልቡ እንደመጣ የምናውቀው በባንኮ ነው። በርቲ ካርቬል አሳምሮ ይጫወታል፤ ፊልሙ ግን ይቸኩልበታል። ትንሽ ፋታ ቢሰጠው ምን ነበረበት?

የጩቤዋ ትዕይንት ግን ካሰችኝ። ማክቤዝ በረጅም ኮሪደር ይሄዳል። ከፊቱ ጩቤ ያብረቀርቃል። ሲጠጋ የበር እጀታ ሆኖ ይገኛል፤ የንጉሡ መኝታ ቤት በር ነው። እጁ የሚዘረጋው ወደ ምኞቱም ወደ ግድያውም ነው። በኋላ ማክቤዝ ሁለተኛ ትንቢት ሲሰማ ጠንቋዮቹ ከላይ ወጋግራ ላይ ሰፍረዋል፤ እግሩ ሥር ወለሉ ውሃ ይሆናል። አሁን «ንገሩኝ» እያለ የሚወተውተው እሱ ነው።

ንግግሩ የድሮ እንግሊዝኛ ስለሆነ ከበድ ይላል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ማክቤዝ» የሚያገኝ ሰው አስቀድሞ ቢያነበው በጣም ይጠቀማል። በስልክ አትዩት። መብራት አጥፉ፣ ድምፁን ከፍ አድርጉ፤ የጠብታውና የበር መምቻው ድምፅ የፊልሙ ግማሽ ነው። ትልቅ ጦርነት የሚጠብቅ ሰው ግን ይከፋዋል፤ ውጊያው አጭር ነው። ማክቤዝን የሚቃወመው መኳንንት የማክዱፍ ቤተሰብ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ይከብዳል፤ ልጆች ካሉ ካስተኛችሁ በኋላ ክፈቱት።