ዘይት የምትበላ ሞተር ይዛችሁ ደሴ የት ልሂድ ለምትሉ

ሞተሬ አሮጌ ሆንዳ ኤክስኤል 125 ናት። ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት አላህ ይወቀው። በየ300 ኪሎ ሜትሩ ግማሽ ሊትር ዘይት መጠጣት ጀመረች፤ ጠቅላላ የምትይዘው አንድ ሊትር ገደማ ስለሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ (ስሙ ይቅር) ጭሱን አየና «ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ሲሊንደሩም ሬቲፊካ (ውስጡን መሞረድ) ይገባል» ብሎ ዋጋ ጻፈልኝ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ እንኳን አልፈታም።

ከዚያ ጓደኛዬ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ወዳለች ጠባብ መጠገኛ ወሰደኝ። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ቁልፍ አላነሱም። «ዘይቱን ስትለካ እንዴት አቁመሃት ነው?» አሉኝ። በጎን መቆሚያዋ አዘንብዬ ነበር፤ አፈርኩ። ቀጥ አድርገው አቆሟትና መለኪያውን ሳያጠብቁ አስገብተው አሳዩኝ። ሥሯን በጨርቅ ወልውለው የሚንጠባጠብ ፈለጉ። ደረቅ ነው።

«የሚያጨሰው ሐረጎን (የኮምቦልቻን ቁልቁለት) ስትወርድ ነው ስትወጣ?»

አስቤውም አላውቅ። «በል ኮምቦልቻ ደርሰህ ና፣ ጓደኛህ ከኋላ ይከተልህ።»

ሄድን። ቁልቁለቱን ነዳጅ መስጠት ትቼ በማርሽ አስይዣት ቆይቼ ኩርባው ላይ ነዳጅ ስሰጣት፣ ከማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ይላል። ዳገቱን ስመለስ ንጹሕ። «የቫልቭ ጎሚኒ ነው» አሉ፤ በቫልቩ ዘንግ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ላስቲክ ማለት ነው። ነዳጅ መስጠት ሲቆም የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ፣ ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ሲያጣ ዘይቱን በቫልቩ ዘንግ በኩል ይመጠዋል። ፋሻ ቢሆን ዳገት ላይ ነበር የሚብስበት። ደግሞም በግምት አልተዉትም፤ ኮምፕሬሽን ለኩ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ደገሙት፣ ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም። ፋሻው አልቆ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ ቁጥሩን ከፍ ያደርገው ነበር፤ ስለዚህ ደህና ነው ማለት ነው።

ቅሬታም አለኝ። ጎሚኒው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አምስት ቀን በእግሬ ሄድኩ። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። አርብ ሄጄ ደጅ ላይ ሁለት ሰዓት ተገትሬአለሁ፤ ለጁምዓ እንደሚዘጉ ማሰብ ነበረብኝ፣ ይሄስ የራሴ ጥፋት ነው። ደውዬ ስነጫነጭ መልሳቸው «አብሽር» ብቻ።

የከፈልኩት የመጀመሪያው ጋራዥ የጻፈልኝን ሩብ አይሞላም። ከዚያ ወዲህ 700 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ዘይቱ መለኪያው ላይ የወረደው የጥፍር ስፋት ያህል ነው፤ አሁን ቀጥ አድርጌ ነው የምለካው።