ለጡረታ ቤት ልትገዙ ነው? አፓርትመንት፣ የማኅበር ድርሻ ወይስ ያለቀ ቤት፦ ደብረ ብርሃን ላይ ሻጭ የሚመልሰውና የሚያልፈው

አጎቴ አዲስ አበባ 36 ዓመት አስተምረው ጡረታ ወጡ። ኮንዶሚኒየማቸውን ሸጠው ወደ ተወለዱበት ደብረ ብርሃን ሊመለሱ ነው። እኔ እዚሁ ስለምኖር ቤት የማሳየቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። አራት ወር ዞርን። ብዙ ወረቀት ሰበሰብን፣ ብዙ ሻይ ተጋበዝን።

ያየናቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። ገና በመሠራት ላይ ያለ የሪል እስቴት አፓርትመንት፣ የቤት ማኅበር ድርሻ እና ያለቀ የግቢ ቤት። ለአረጋውያን ብቻ ተብሎ የተሠራ መንደር እኛ ጋ ገና አልተለመደም። «ለጡረታ ዘመንዎ» የሚለው ቃል ግን ከመንደሩ ቀድሞ ደርሷል። የአፓርትመንቱም ወረቀት ላይ አለ፣ የደላላውም አፍ ላይ አለ።

አፓርትመንቱ

የሽያጭ ቢሮው ሞቅ ያለ ነው። ሶፋው ይሰምጣል። ሴልሱ ትሑት ልጅ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ሥዕሉን ከፈተልን። ሣር፣ ነጭ ወንበር፣ መዋኛ ገንዳ። አጎቴ ገንዳውን አይተው ወደ እኔ ዞሩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ያድራል። በርኖስ ደርቦ የሚዋኝ ካለ ይሞክረው።

«ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» አሉ አጎቴ።

«ታንከር አለው አባባ።»

«ስንት ሊትር?»

«በቂ ነው።»

«ለስንት አባወራ?»

ልጁ ፈገግ አለ። ወደ ገንዳው ተመለሰ።

ቤቱ አምስተኛ ፎቅ ነው። አጎቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ እንዴት እንደሚሆን ጠየቁ። ጄኔሬተር አለ ተባሉ። ናፍጣው ከማን ኪስ እንደሆነ ጠየቁ። ከወርሃዊው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ክፍያው ስንት ነው? «እሱ ነዋሪው ከገባ በኋላ ይወሰናል።»

ይሄ መልስ ውሸት አይደለም። የጋራ ሕንፃ ወጪ የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር የሚወስነው ነገር ነው። ግን ለጡረተኛ ምንም አይነግረውም። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ሒሳቡ የታወቀ ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፣ ጣሪያው 70 በመቶ። አጎቴ በ36 ዓመታቸው 62.5 በመቶ ይደርሳቸዋል። እሱም ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ናፍጣ በጨመረ ቁጥር ጡረታ አብሮ አይጨምርም። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርነው። «ከዚህ በፊት ያስረከባችሁት ሕንፃ የት ነው? እዚያ በወር ስንት ይከፈላል?» ለዚህ መልስ ያለው ሻጭ ካገኛችሁ ቁም ነገረኛ ነው። እኛ ስልክ እንደሚደወልልን ተነገረን።

ካሬውንም ተጠንቀቁ። 100 ካሬ የተባለው የደረጃውንና የኮሪደሩን ድርሻ የሚጨምር ሊሆን ይችላል። ድርሻው 22 ካሬ ከሆነ አልጋና ሶፋ የሚገባበት 78 ነው። «የውስጡ የተጣራ ስንት ነው?» በሉና ቁጥሩን ውሉ ላይ ፈልጉት።

የርክክብ ቀኑ ደግሞ የብቻው ጉዳይ ነው። ልጁ በአፉ «24 ወር፣ ቢበዛ» አለን። ውሉን ይዤ ቤት ሄጄ አነበብኩት። «ከአቅም በላይ ምክንያት» ከሚለው ሥር የግንባታ ዕቃ ዋጋ መናርም ተዘርዝሯል። በዚህ አገር ሲሚንቶ የማይንርበት ዓመት መቼ ነው? ለ30 ዓመት ጎልማሳ ሁለት ዓመት መዘግየት ኪራይ ነው። ለ61 ዓመት ሰው ግን በእግሩ ደረጃ ከሚወጣባቸው ዓመታት ላይ ሁለቱ ተቀነሱ ማለት ነው።

የማኅበር ድርሻ

ይሄን አላስረዝመውም። ማኅበር ርካሽ ነው። አባላት ዝግ ሒሳብ ላይ ያስቀምጣሉ፣ መሬት ይጠብቃሉ፣ ይሠራሉ። ከመጀመሪያው ለገባ፣ ዕድሜም ላለው ጥሩ መንገድ ነው። ጡረተኛ ጋ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ድርሻ ነው። «ስም ማዞር እስኪፈቀድ በውክልና ትይዘዋለህ» ይባላል።

ውክልናውን የሰጠው ሰው በፈለገ ቀን ሊሽረው ይችላል። ሲሞት ደግሞ ውክልናው አብሮት ያበቃል። ከዚያ ከወራሾቹ ጋር ነው ክርክሩ። ለአጎቴ ድርሻውን ሊሸጡ የመጡት ሰውዬ 70 የደፈኑ ናቸው። ሁለት ሽማግሌ ተያይዘው «ማን ይቀድም ይሆን» እያሉ ሊኖሩ ነው። ደላላውን ስለዚህ ብንጠይቀው «ሰውዬው ታማኝ ናቸው» አለን። ታማኝነታቸውን መቼ ጠየቅነው?

ያለቀ ቤት

እዚህ ደላላው ይዋሻል፤ ቤቱ ግን አይዋሽም። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። አፓርትመንቱ ላይ የምትጠይቁት ሰው ብቻ ነው፤ እዚህ ቧንቧውን ራሱን ትጠይቁታላችሁ።

ጠባሴ አካባቢ ያየነውን ግቢ ደላላው «ውሃ እንደ ልብ» ብሎን ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳንነግረው ሄድን። ቧንቧውን ስከፍተው ፉጨት ብቻ ወጣ። ጎረቤት ያሉ እናት ቢጫ ጄሪካን ደርድረው በራቸው ላይ ቆመዋል። «ማክሰኞና ቅዳሜ ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ሮቶ ካላችሁ ትዘልቁታላችሁ» አሉን። ከአራት ወር ዙረት ያገኘነው ቀጥተኛ መልስ ይሄ ነው። እሳቸው የሚሸጡት የለማ።

ሽንት ቤቱ ከዋናው ቤት 15 እርምጃ ርቆ ግቢው ዳር ነው። ቀን ላይ ምንም አይመስልም። በታኅሣሥ ሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ ለሚመላለስ ሽማግሌ ግን ትልቅ ነገር ነው። ወደ ቤት ለማስገባት ስንት እንደሚፈጅ አናጢና ቧንቧ ሠራተኛ ወስደን አስገመትን። ያንን ከዋጋው ላይ አስቀነስን።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ካርታውን ዓይታችሁ አትመኑ። ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጡ። ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው፤ ያልተከፈለ ቀሪ ካለ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ፊት ካልሆነ አይጸናላችሁም። ቀብድ ግን ሁልጊዜ የሚጠየቀው ከዚህ በፊት ነው፤ እዚያ ላይ ጠንክሩ።

ሌላው እድር ነው። የሽያጭ ወረቀት ላይ እድር የሚል ቃል አላየሁም። ዕድሜው ለገፋ ሰው ግን ከመዋኛ ገንዳ ይቀድማል። አዲስ ሕንፃ ውስጥ እድሩ እስኪመሠረት ዓመታት ይፈጃል። ነባር ሰፈር ውስጥ አለ፤ ለአዲስ ገቢ መግቢያው ይከብዳል። የጠባሴዋን እናት ጠየቅናቸው። ስሙን፣ የስብሰባውን ቀን፣ የዳኛውን ቤት አሳዩን።

ሁሉም ሻጭ የሚያልፈው

ሦስቱም ጋ «ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር» ይባላል። ርቀቱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በግል መኪና መንገዱ ሲከፈት አንድ ነገር ነው። ላምበረት መናኸሪያ ተሰልፎ ለመጣ ሌላ ነገር ነው። በነዚህ ዓመታት መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናትም ነበሩ። የልብ ወይም የኩላሊት ክትትላችሁ አዲስ አበባ ከሆነ ያንን ቀን አስባችሁ ወስኑ። ደብረ ብርሃን የራሷ ሆስፒታል አላት፤ የእናንተ ሕክምና እዚያ ይሰጥ እንደሆነ ግን ሆስፒታሉን እንጂ ሴልሱን አትጠይቁ። ብርዱን የማይችል ደግሞ ሸዋ ሮቢትን ይይ። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሞቃት ናት። ወባዋን ማንም ማስታወቂያ ላይ አይጽፍላችሁም።

ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ ይሄን ሁሉ በስልክ ሰምታ ሳቀች። እሷም እዚያ የጡረተኞች መንደር እያየች ነው። እዚያ መግቢያ ተብሎ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይከፈላል፣ ከዚያም በየወሩ። ብዙ ጊዜ የሚገዛው ቤቱ ሳይሆን የመኖር መብቱ ነው። ስትሞት ወይም ስትወጣ ከመግቢያው ምን ያህል እንደሚመለስ ውሉ ይለያያል። ሜዲኬር ደግሞ ለዕለት ተዕለት የረጅም ጊዜ እንክብካቤ አይከፍልም። ብሮሹሩ ላይ የሳቁ ሽማግሌዎች ናቸው ያሉት። አንድ የምትበልጠን ነገር ግን አላት። ሜሪላንድን ጨምሮ በብዙ ክፍለ ግዛቶች እንዲህ ያለ መንደር የገንዘብ አቋሙንና ክፍያውን የሚገልጽ ሰነድ ለገዢ እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደዋል። እኛ ጋ ሰነዱን ገዢው ራሱ ያዘጋጃል። አጎቴ ጥያቄዎቻቸውን በክላሰር ወረቀት ጽፈው፣ ከጎናቸው መልስና ፊርማ የሚሞላበት ቦታ ትተው ነበር የሚሄዱት። ሴልሱ ወረቀቱን አገላብጦ ሳይሞላ መለሰላቸው። የጠባሴው ባለቤት ከሁለት ጥያቄ በቀር ሞልተው ፈረሙ።

የእኔ ምርጫ? ከ55 በታች ከሆናችሁና ማኅበሩን ከጅምሩ የምትገቡ ከሆነ ማኅበር። ያለቀና ሰው የገባበት ሕንፃ ካገኛችሁ፣ እስከ ሁለተኛ ፎቅ፣ አፓርትመንትም ይሆናል፤ ከነዋሪዎቹ አንዱን ሻይ ጋብዙ። ከ60 በላይ ለሆነ ሰው ግን ያለቀ ቤት፣ ሽንት ቤቱ ተጠግኖ፣ ሮቶ ተሰቅሎ።

አጎቴ የጠባሴውን ገዙ። ባለፈው ሳምንት ከሪል እስቴቱ ተደወለላቸው፤ ቅናሽ አለ ተባሉ። ታንከሩ ስንት ሊትር እንደሆነ ጠየቁ። ልጁ አጣርቶ እንደሚደውል ነግሯቸዋል።