የዳንጀን ማስተርስ ጋይድ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ የአስማት ዕቃ ዋጋና የድግምት ሕግ

ተጫዋቾች በቃል ታሪክ እየፈጠሩ በዳይስ የሚጫወቱት የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ አምስተኛ እትም የጨዋታ መሪዎች መመሪያ የሆነውንና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመውን ዳንጀን ማስተርስ ጋይድ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን ለወራት ተገልግለንበታል። ባለ 320 ገጹ መጽሐፍ ጠርዙ እስኪሻክር ተገላብጧል። ሥዕሉም ሕትመቱም ያማረ ነው፤ በዚህ በኩል ብዙ የምለው የለኝም። መናገር የምፈልገው አዲስ ገዢ መጽሐፉን ገልጦ ብቻ ሊያየው ስለማይችለው ጉዳይ ነው፦ የአስማታዊ ዕቃዎች ዋጋና የድግምት ሕግ አንድ ሚዛን ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ መጽሐፉ ግን በተለያየ ምዕራፍ ለያይቶ አስቀምጧቸዋል።

በጨዋታው ውስጥ የአስማታዊ ዕቃ ዋጋ የሚተመነው በብርቅነት ነው። ተራ ዕቃ ከ50 እስከ 100 የወርቅ ሳንቲም፣ ብዙም ያልተለመደ ከ101 እስከ 500፣ ብርቅ ከ501 እስከ 5,000፣ እጅግ ብርቅ ከ5,001 እስከ 50,000 ያወጣል። ለዓይን ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ገበያ ሲወርድ ግን ይፈርሳል። የሚበረው መጥረጊያ «ብዙም ያልተለመደ» ተብሎ ስለተመደበ ከ500 ሳንቲም አያልፍም፤ የሚበረውም ያለ ገደብ ነው። የመብረር መድኃኒት ደግሞ «እጅግ ብርቅ» ተብሏል፤ አንዴ ተጠጥቶ ያልቃል፣ የሚያገለግለውም ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። አላቂ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ይታሰባል ቢባል እንኳ ከ2,500 ሳንቲም አይወርድም። የአንድ ሰዓት በረራ ከዕድሜ ልክ በረራ አምስት እጥፍ የሚወደድበት ገበያ የት አለ?

ይህ ለእኛ የሰንጠረዥ ጭቅጭቅ ብቻ አልነበረም። የምንጫወተው ታሪክ ከደጀን ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የነጋዴዎች ጉዞ ነው። ቁልቁለቱ፣ ሙቀቱ፣ የወንዙ መሻገሪያ፣ በቅሎዎቹን የማሻገሩ ጣጣ፣ ጨዋታው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። መጥረጊያው እስከ 180 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። አንድ ተጫዋች በ400 ሳንቲም ከገዛው ዓባይ በረሃ ከታሪኩ ይጠፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ የምጠይቀው ጥያቄ «ምን ያህል ብርቅ ነው?» መሆኑ ቀርቶ «የትኛውን ድግምት ይተካል? በቀን ስንት ጊዜ?» የሚል ሆነ። የመብረር ድግምት ሦስተኛ ደረጃ ነው፤ የሚቆየውም አሥር ደቂቃ ሆኖ አስማተኛው ሐሳቡን ሰብስቦ መያዝ አለበት። ይህን ሁሉ ያለ ድካም የሚሰጥ መጥረጊያ እኛ ዘንድ 8,000 ሳንቲም ሆነ። እስካሁን የገዛው የለም፤ ሁሉም ግን ገንዘብ እያጠራቀመለት ነው።

ዋጋ ከቦታ ቦታ ስለሚለዋወጥበት መንገድ መጽሐፉ ብዙም አልረዳኝም። አብነት የሆነኝ የራሳችን የጎጃም የባሶ ገበያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይመጣበት ነበር። ከአፋር የሚወጣው አሞሌ ጨውም ከምንጩ በራቀ ቁጥር የመግዛት አቅሙ እየጨመረ ይሄድ እንደነበር እናውቃለን። የእኛም ገበያ እንዲህ ሆነ። የተጫዋቾች መመሪያው 50 ሳንቲም የሚለው የፈውስ መድኃኒት ቀማሚው ባለበት ከተማ 50 ነው፤ ዓባይን ሲሻገር 100 ይገባል። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቼ ጭራቅ ከመግደል ይልቅ መነገድ ጀመሩ። እኔም ደስ አለኝ።

ዕቃ ስለመሥራት የተጻፈውን ክፍል ትተነዋል። በቀን የ25 ሳንቲም ሥራ ብቻ እየተሠራ 50,000 ሳንቲም የሚያወጣ ዕቃ ለብቻ የሚሠራ ሰው 2,000 ቀን ያስፈልገዋል።

የድግምት ሕግ ማሻሻያዎቹ ያሉበት ምዕራፍ 9 ከመጽሐፉ ሁሉ ምርጡ ነው። በጨዋታው ገጸ ባሕርያት ያጠፉትን ኃይልና ድግምት የሚመልሱት በአጭርና በረጅም ዕረፍት ነው፤ እዚያ ከቀረቡት አማራጮች አጭሩን ዕረፍት ስምንት ሰዓት፣ ረጅሙን ሰባት ቀን የሚያደርገውን ወሰድን። ምክንያታችን ስንቅ ነበር። አንድ ድሩይድ (ኃይሉን ከተፈጥሮ የሚያገኝ አስማተኛ) በአንደኛ ደረጃ ድግምት አሥር ፍሬ ይፈጥራል፤ እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ይመግባል። ያጠፋው ኃይል በማግስቱ የሚመለስለት ከሆነ በሶና ቆሎ የሚቋጥር ተጓዥ አይኖርም። ፍሬው በ24 ሰዓት ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ዕረፍቱ ሳምንት ሲሆን ረሀብ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ድግምቱን ራሱን አልነካነውም።

ችግሩ ወዲያው በሌላ በኩል ብቅ አለ። አስማታዊ ዕቃዎች ኃይላቸውን የሚሞሉት በየንጋቱ እንጂ በዕረፍት አይደለም። የአስማት ፍላጻ የሚወረውረው በትር ሰባት ምት ይይዛል፤ በየቀኑም ከሁለት እስከ ሰባት ይመለስለታል። አምስተኛ ደረጃ የደረሰ አስማተኛ ከአንድ ረጅም ዕረፍት የሚያገኘው የአንደኛ ደረጃ ድግምት አራት ነው፤ በትሩ ግን በሳምንት ሠላሳ ያህል ጊዜ ይተኩሳል። ቢበዛ በ500 ሳንቲም! አስማተኛው የበትር ተሸካሚ ሆኖ ቀረ። ምዕራፍ 9 ዕረፍትን ሲያራዝም በምዕራፍ 7 ያሉት ዕቃዎች ምን እንደሚሆኑ ሊያስጠነቅቀን በተገባ ነበር።

አሁን የምንሠራበት ሕግ ይህ ነው፦ በየንጋቱ ይሞላ የነበረ ዕቃ ሁሉ በሰባተኛው ቀን ንጋት ይሞላል፤ ዋጋውም መጽሐፉ እንዳለው ይቆያል። በየቀኑ እንዲሞላለት የሚፈልግ ተጫዋች አምስት እጥፍ ይከፍላል። መጽሐፉን የሚገዛ መሪ ምዕራፍ 9ን አስቀድሞ አንብቦ የዕረፍቱን ሕግ ይቁረጥ፤ ሱቁን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ይሁን።