በሶ ለ100 ማይል ሩጫ፦ ሌሊቱን ያሻገረኝ ስንቅ

ጄል (ሯጮች እየሮጡ የሚመጡት በትንሽ ከረጢት የታሸገ ጣፋጭ ዝልግልግ ስንቅ) ይሻላል ወይስ በሶ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ መልሴ ይኸው። ሁለቱም፣ ግን በየሰዓታቸው። ቀን ጄል፣ ሌሊት በሶ። ሌድቪል ላይ እስከ መጨረሻው ያደረሰኝ ይህ ነው። ዛሬ የምገመግመው በሶውን ነው። ጄሉን የሚያወድስ ሰው ሞልቷል።

ውድድሩን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ሌድቪል ኮሎራዶ ውስጥ ያለች የድሮ የማዕድን ከተማ ናት። እኔ ከምኖርበት ኦሮራ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስነዳል። ሩጫው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በተራራ መንገድ። ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታችሁ እሁድ ረፋድ 4 ሰዓት ሳይሞላ መግባት አለባችሁ። በ30 ሰዓት ውስጥ ለገባ የቀበቶ ዘለበት ይሸለማል። ከተማዋ ራሷ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኔ ካደግሁባት ደብረ ብርሃን እንኳ ትበልጣለች። መሀል ላይ በደርሶ መልስ ሁለት ጊዜ የሚታለፈው ሆፕ ፓስ ደግሞ 3,840 ሜትር ይደርሳል።

እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ሆድ እንደ ሜዳው አይታዘዝም። ደሙ ወደ እግር ይሄዳል። የበላችሁት እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። ጣፋጭ ነገር ያስጠላል። ብዙ ጠንካራ ሯጭ እግሩ ሳይደክም፣ መብላት ስላቃተው ብቻ ከመንገድ ይቀራል። ስለዚህ የስንቅ ጉዳይ ለእኔ ከጫማው በፊት ይመጣል።

በዚያ ላይ ፍልሰታ አለ። ውድድሩ ብዙ ጊዜ ጾሙ ሳይፈታ ይውላል። ቅዳሜና እሁድ ሰዓት ስለማይያዝ ከንጋት በፊት ጀምሮ መብላት ይቻላል፤ ጥሉላት ግን የለም። በእንዲህ ያሉ ውድድሮች ሌሊት ላይ ለሯጭ የሚሰጠው ትኩስ ነገር ብዙ ጊዜ የዶሮ መረቅ ነው። ሌላው ሰው እሱን ጠጥቶ ነፍስ ሲዘራ እኔ ምን ልጠጣ? በሶን የመረጥኩት መጀመሪያ በዚህ ምክንያት ነበር። አሁን ግን ጾም ባይኖርም አልተወውም።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ሦስት ዓይነት ሞክሬያለሁ።

በፋብሪካ ታሽጎ በየሐበሻ ሱቁ የሚሸጠው አለ። ልም ነው፣ ቶሎ ይበጠበጣል፣ ንጽህናው አያሳስብም። ችግሩ ገብሱ በደንብ አልተቆላም። ስትቀምሱት ጥሬ ጥሬ ይላል። ለቁርስ ምንም አይልም። ሆዳችሁ ሲረበሽ ግን ያ የጥሬ ዱቄት ጣዕም አፍ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው በላስቲክ ተቋጥሮ በኪሎ የሚሸጠው ነው። ይኼ እንደ ዕድላችሁ ነው። አንዱ ጥሩ መዓዛ ይኖረዋል፤ አንዱ ደግሞ ከርሞ ይሸታል። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ጥርስ ላይ ኮሽ የሚል አሸዋ ነበረበት። ባለሱቁን ስጠይቀው መቼ እንደተፈጨ እንኳ አያውቅም። ቤት ውስጥ ብትተፉት ያልፋል። 70ኛው ማይል ላይ ግን ያ አሸዋ ከአፋችሁ አይወጣም።

ሦስተኛው እማዬ ደብረ ብርሃን ላይ አዘጋጅታ ሰው ሲመጣ የምትልክልኝ ነው። ገብሱን ደህና አድርጋ ትቆላዋለች፣ ትሸከሽከዋለች፣ አስፈጭታ ትነፋዋለች። ትንሽ ነጭ አዝሙድ ጣል ታደርግበታለች። ከረጢቱ ሲከፈት ቤቱን የሚሞላው ሽታ ሌላ ነው። ሁሉም ሰው እንዲህ የሚልክለት እንደማይኖር አውቃለሁ። ለሌላችሁ የምመክረው የፋብሪካውን ገዝታችሁ ደረቅ መጥበሻ ላይ፣ በትንሽ እሳት፣ እያማሰላችሁ እንደገና ማመስ ነው። ቀለሙ ትንሽ ጠቆር፣ ሽታው ወደ ቆሎ ጠጋ ሲል አውርዱት። ከሦስተኛው ጋር ባይተካከልም በጣም ይቀርበዋል።

አሁን አበጣበጡን። ለግማሽ ሊትር ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከዚህ አታወፍሩት። ገብስ ውስጥ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥና የሚዝለገለግ አሰር አለ። አሁን ቀጭን የመሰለው ከአንድ ሰዓት በኋላ ገንፎ ለመሆን ይዳዳዋል። ለስላሳዎቹ የሩጫ ኮዳዎች መምጠጫቸው ጠባብ ነው፤ ይደፈኑባችኋል። አፈ ሰፊ ኮዳ ያዙ። ዱቄቱን ቤት ውስጥ በደቃቅ ወንፊት ንፉት። በትንንሽ ላስቲክ ለአንድ ለአንድ ጊዜ የሚሆነውን ከጨው ጋር ቋጥሩት። መንገድ ላይ ለሯጭ ውሃና ምግብ የሚሰጥበት ጣቢያ ስትደርሱ ውሃና ማር ብቻ ነው የሚቀረው። ከመጠጣታችሁ በፊት ሁልጊዜ ናጡት፤ ከታች ይዘቅጣል።

ሒሳቡንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በሶ ብቻ ይበቃኛል ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ሩጫ ባለሙያዎች የሚመክሩት በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ከላይ ያልኩት ብጥብጥ ከማሩ ጋር 40 ግራም ገደማ ቢሰጥ ነው። 60 ለመድረስ በሶውን እጥፍ ብታደርጉ አይጠጣም። ስለዚህ ሁለት ተምር ወይም ጣቢያ ላይ የሚገኝ ኮካ ይጨመርበታል። ማሩን ግን አትተዉት። ማር ውስጥ ያሉት ሁለቱ የስኳር ዓይነቶች በአንጀት ውስጥ በተለያየ በር ነው የሚገቡት፤ አንዱ በር ሲጨናነቅ ሌላው ይሠራል።

የበሶው ዋጋ የሚታወቀው ፓወርላይን ላይ ነው። ይህ አቀበት በመልሱ 80ኛው ማይል አካባቢ ይጠብቃል። መንገዱ ከኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ ሥር ሽቅብ ይወጣል። ጫፍ ደረስኩ ስትሉ ከኋላው ሌላ ጫፍ አለ፤ ከዚያ ሌላ። ብርዱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። የሚታየው የግንባር ባትሪው ያበራላችሁ መሬት ብቻ ነው። ጄሉ አልወርድ ያለኝ እዚህ ነው። ገና ስቀደው ሽታው ሆዴን ገለበጠው። ትዊን ሌክስ ከሚባለው ጣቢያ በመልሱ ያጀበኝ የወንድሜ ልጅ ነበር። ከአቀበቱ በፊት አውትዋርድ ባውንድ ጣቢያ ላይ በሙቅ ውሃ በጥብጦ ጃኬቱ ውስጥ ይዞልኝ ነበር። ሌድቪል አጃቢ የሯጩን ዕቃ እንዲሸከም ይፈቅዳል፤ ሌላ ቦታ ግን ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፣ የውድድራችሁን ሕግ አንብቡ።

«አክስቴ፣ ሁለት ጉንጭ ብቻ። ከዚያ አልነዘንዝሽም።»

ለብ ያለ፣ ጨው ያለው፣ የቆሎ ሽታ ያለው ነገር። ሆዴ ሳይከራከር ተቀበለው። ሁለት ጉንጭ የተባለው ግማሽ ኮዳ ሆነ። እንደ ጄል ወዲያው አያነቃም። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ግን አንዴ ከመጣ አይጥልም፤ ጄል ከፍ አድርጎ እንደሚያወርደው አያወርድም። እስከ ሜይ ኩዊን ጣቢያ ድረስ ሌላ ነገር አፌ አልገባም፣ እግሬም አልቆመም። እዚያ ወንድሜ ሁለተኛውን ኮዳ ይዞ ጠበቀኝ። ጎህ ሲቀድ ተርኮይዝ ሐይቅ ዳር ነበርን።

ጭብጦስ የምትሉ አላችሁ። በጾም በቅቤ ፈንታ በዘይትና በትንሽ ማር አሽቼ በአውራ ጣት ልክ ድብልብል አደረግኩት። ሜዳ ላይ፣ እየተራመዱ፣ ግሩም ነው። ሆፕ ፓስ ሽቅብ ላይ ግን አይሞከርም። አፍ ደርቋል፣ ትንፋሽ አጥሯል፣ እያኘኩ መተንፈስ አይቻልም። ከጫፉ በታች ላማ የሚባሉት፣ የግመል ዘመድ የሆኑ የጭነት እንስሳት ስንቅ ተሸክመው የሚያደርሱለት ጣቢያ አለ። እዚያ እስክደርስ አንዱን ጭብጦ ጉንጬ ውስጥ ይዤ ቆየሁ። አቀበት ላይ የሚጠጣ ነገር ብቻ።

በሶ ለዚህ ተራራ እንግዳ ነገር አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን ውድድር ያሸነፈው ከሜክሲኮ የመጣው የራራሙሪ ሕዝብ ተወላጅ ቪክቶሪያኖ ቹሮ ነው፤ ዕድሜው 55 ነበር። በቀጣዩ ዓመትም ሌላው ራራሙሪ ሁዋን ሄሬራ አሸነፈ። የራራሙሪዎች የመንገድ ስንቅ ምን መሰላችሁ? ተቆልቶ የተፈጨ በቆሎ፣ በውሃ የተበጠበጠ። ፒኖሌ ይሉታል። ይህን ሳውቅ ልቤ ሞላ። ከደብረ ብርሃን ሴቶች ጋር አንድ ዓይነት መላ ነው ያገኙት፦ እህሉን አስቀድመህ ቁላው፣ መንገድ ላይ እሳት አያስፈልግህም።

ለማን አልመክረውም? ገብስ እንደ ስንዴ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሴሊያክ የሚባል ሕመም ያለበት ሰው አይንካው። አሰሩ ብዙ ስለሆነ ለለመደው እንጂ ለጀማሪ ሆድ አይሆንም። ረጅም ልምምድ ላይ ደጋግማችሁ ሳትሞክሩት ውድድር ላይ አታውጡት፤ ጫካ ውስጥ መቀመጫ ስትፈልጉ ታድራላችሁ። ለ50 ኪሎ ሜትርም አያስፈልግም። ፍጥነቱ ከፍ ያለ ነው፣ ሌሊትም የለበትም፣ ጄል ይበቃል። ወጪው ግን ሌላ ነው። አንድ ኪሎ በሶ ከአንድ ካርቶን ጄል በብዙ ይረክሳል፣ ሙሉ የልምምድ ወቅትም ያደርሳል።

ለሐበሻ ሱቅ ባለቤቶች አንድ ልመና አለኝ። ላስቲኩ ላይ የተፈጨበትን ቀን ጻፉልን። ገብስ ከተፈጨ በኋላ ዘይቱ ይበላሻል፤ ከራሚውን ከአዲሱ የምንለይበት ሌላ መንገድ የለንም። እኔ እስከዚያው ከፍቼ ሳላሸት፣ ቆንጥሬ ምላሴ ላይ ሳላደርግ አልገዛም። ቤት ስደርስም ማቀዝቀዣ ውስጥ በተዘጋ ዕቃ ነው የማስቀምጠው።